ጉምሩክ እና የጎደሉት አርባ አንድ ሳጥኖች

እስቲ ይህን ግድግዳ ተመልከቱ። ከውሃ ማሽኑ በላይ፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን ያለውን። በቀኝ ጠርዙ ከላይ እስከ ታች ቢጫ መስመር የወረደበት አሮጌ ስክሪን ተሰቅሎበታል። ስክሪኑ ላይ የጥፍር ያህል የሆኑ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ አረንጓዴ፣ ሁለቱ ቀይ። ከሳጥኖቹ በላይ በትልቁ አንድ ቁጥር ተጽፏል፦ 412 ከ412። ያንን ቁጥር ልብ በሉልኝ። እሱ እዚያ እስኪወጣ ድረስ እኛ፣ አዋቂ ነን የምንል አሥራ አራት ሰዎች፣ ምን ያህል ቀጣፊዎች እንደነበርን አሁን እነግራችኋለሁ። ራሴንም አልምርም።

ስክሪኑን የሰቀለችው ሴት በቢሮው ስሟ ጉምሩክ ነው። ሳትፈትሽ የምታሳልፈው ነገር ስለሌለ ነው ስሙ የወጣላት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ አለ፤ የሚጠራት ግን የለም። እሷም "ጉምሩክ!" ሲሏት "አቤት፣ ምን ይዘሃል?" ነው መልሷ። አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ስትቆጣጠር ኖራ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ከኢንተርኔት ላይ እየቃረመች ሶፍትዌር መፈተሽ ተማረች። ዲግሪ የላትም። እኔም የለኝም። ልዩነታችን እኔ እደብቀዋለሁ፣ እሷ ረስታዋለች።

ሥራችን ለአንድ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም መሥራት ነው። ታካሚው ይመዘገባል፣ ተራ ይይዛል፣ ቀኑ ሲቀርብ በስልኩ መልእክት ይሄድለታል። እኛ ፕሮግራመሮቹ ኮዱን እንጽፋለን፤ ጉምሩክ ኮዱን የሚፈትሹ ትንንሽ ፕሮግራሞች ትጽፋለች። እያንዳንዱ ፍተሻ አንድ ጥያቄ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ሐኪም ዘንድ ይቀጠራል ወይ? ቀጠሮ ሲቀየር አዲሱ ቀን ለታካሚው ይደርሳል ወይ? እንዲህ እያለ አራት መቶ አሥራ ሁለት ይደርሳል። ጠዋት ሰው ሳይገባ ኮምፒውተሩ ራሱ ሁሉንም ይጠይቅና መልሱን በኢሜይል ይልክልናል።

ኢሜይሉን ማን ያነበው ነበር? ማንም። ርዝመቱ የዘንዶ ነው። እያንዳንዳችን ገና ሳይደርስ የሚውጠው ማህደር አዘጋጅተንለታል። የእኔ ማህደር ስሙ "በኋላ" ይባላል። ጎኔ የሚቀመጠው ፕሮግራመር የሱን "ከበኋላ በኋላ" ብሎታል። የኔትወርኩ ሽማግሌ ጋሼ ኬብል ደግሞ በአጭሩ "መቃብር"።

ለጉምሩክ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ እቴቴ ነው የምትላት። እቴቴ በሁለቱም ዓይኗ ሞራ ወርዶባት፣ እኛው ፕሮግራም በሠራንለት ክሊኒክ ለቀዶ ጥገና ስምንት ወር ተራ ስትጠብቅ ቆይታለች። የክሊኒኩ ደንብ አያወላዳም፤ በቀኑ ያልመጣ ወደ ሰልፉ ጭራ ይመለሳል። በዚያ ሰሞን እቴቴ ስትደውል ጉምሩክ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በድምፅ ማጉያው ታነጋግራታለች፤ እኛም ጆሯችንን እናውሳለን።

"ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ከቁም ሳጥኑ ጋር ሰላም ተባባልኩ። ጎረቤቷ መስላኝ።"

"ውይ እቴቴ! ታዲያ ምን አለሽ?"

"ከጎረቤቷ ይሻላል። ሲያወሩት ያዳምጣል።"

እንግዲህ ክሊኒኩ ሁለተኛ የቀዶ ጥገና ክፍል ከፈተና የስድስት መቶ ሰው ቀጠሮ ወደፊት ሊሳብ ሆነ። አዲሱ ፕሮግራማችን ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሲለቀቅ ቀኑን ራሱ ያሸጋሽጋል፣ ለእያንዳንዱም አዲሱን ቀን ይልካል። አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው የለም። እኛ ደግሞ የታካሚ መዝገብ መክፈት አይፈቀድልንም። ስለዚህ ጉምሩክ የአክስቷን ቀን የምታውቀው እንደማንም ሰው መልእክቱ ሲገባ ነው። የተሳሳተ ቀን ከገባ እቴቴ ቀኗ ካለፈ በኋላ አጊጣ ትሄዳለች፣ ከዚያ ሌላ ስምንት ወር ከቁም ሳጥን ጋር ወሬ ነው።

ከሐሙሱ ሦስት ሳምንት በፊት ጉምሩክ ተነሣች። "ካላነበባችሁት ግድግዳ ላይ እለጥፍላችኋለሁ" አለች። አለቃችንን ስታስፈቅደው "ግሩም ሐሳብ ነው እህቴ፣ በኋላ እናየዋለን" አላት። "በኋላ" የምትባለው ማህደር የእኔ ብቻ እንዳልሆነች ያን ቀን ገባኝ። እሷ ግን ቀጥታ ዕቃ ግምጃ ቤት ወርዳ ያንን ባለ ቢጫ መስመር ስክሪን ታቅፋ ወጣች።

አሠራሩ ቀላል ነው። የፍተሻው ውጤት ፋይል ሆኖ ይወጣል። ያንን ፋይል የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። ያነበበው ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ድረ ገጹ ከዚያ እየወሰደ ለእያንዳንዱ ፍተሻ አንድ ሳጥን ይስላል፤ ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ። በየደቂቃው ራሱን ያድሳል። ሳጥኑን ሲነኩት የፍተሻው ስምና የኮዱ ባለቤት ስም ይወጣል። አራት ቀን ፈጀባት። በአራተኛው ቀን "ዳሽቦርዱ ደርሷል፣ ግቡና እዩ!" ብላ ለሁላችንም አድራሻውን ላከች። ማናችንም ዘንድ አልተከፈተም። ጋሼ ኬብልን ጠራችው።

"ጋሼ፣ በእኔ ኮምፒውተር ይከፈታል፣ በሌላው እምቢ አለ።"

"የላክሽውን አድራሻ እስቲ አንብቢልኝ።"

አነበበችለት። ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ አድራሻ እኮ 'ቤቴ' ነው የሚለው፤ በማንም ኮምፒውተር ሲጻፍ ያንኑ ኮምፒውተር ይጠራል። አንቺ 'ቤቴ ኑ' ብለሽ ጠራሽ፤ ሰው ሁሉ የየራሱ ቤት ገብቶ አንቺን አጣሽ።"

ጉምሩክ እስክታነባ ሳቀች። ጋሼ ኬብልም ገጹን ሁላችንም በምንጋራው ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ከሁሉም ወንበር የሚደረስበት አድራሻ ሰጣት። ስክሪኑ ከውሃ ማሽኑ በላይ ተሰቀለ።

በመጀመሪያው ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ቀይ በራ። ወዲያው ከቢሮው ውሃ የሚጠጣ ሰው ጠፋ። እውነቴን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ምላሳችን ከላንቃችን ተጣብቆ ዋልን እንጂ በዚያ ግድግዳ ሥር ብርጭቆ ይዞ የሚቆም አልተገኘም። የጠማው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ይቀዳል። ጋሼ ኬብል ብቻ ደጋግሞ ይጠጣል፣ ጮክ ብሎም በየማህደራችን ስም እየጠራን ያነባል፦ "ሦስት የከበኋላ በኋላ! አንድ የበኋላ!"

ያን ጊዜ ሰው የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ያስተካክላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነበር። እኛ ግን ሌላ መላ አገኘን። ማንኛውም ፍተሻ ላይ አንዲት ትእዛዝ ትጻፋለች፤ ትርጉሟ "ይህን ዝለለው" ነው። የተዘለለ ፍተሻ አይጠየቅም። ያልተጠየቀ አይወድቅም። ያልወደቀ ቀይ አይሆንም። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እንደ ማዛጋት ነው፣ አንዱ ሲያደርገው ሁሉም አፉን ይከፍታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ዘንድ እያደር ተዘለለ፤ በየጠዋቱ የሚበራው አዲስ ቀይም እንዲሁ።

እኔ የዘለልኩት አንድ ብቻ ነው። "ቀጠሮ ሲቀየር አዲሱን ቀን መላክ" የሚለውን። ሁለት ጊዜ አየሁት፣ አልገባኝም፣ ስሜ ደግሞ እዚያ ግድግዳ ላይ እንደ ተፈላጊ ወንጀለኛ ተሰቅሏል። ከተለቀቀ በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩና ዘለልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ለመለመ። አለቃችን ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። እኛም ውሃ መጠጣት ጀመርን።

ጉምሩክ ብቻ ደስ አላላትም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ፊት እጇን አጣምራ ቆማ አገኘኋት።

"ምን ሆንሽ? አረንጓዴ አይደለም እንዴ?"

"ወፍረዋል" አለች።

"ማን?"

"ሳጥኖቹ። ባለፈው ሳምንት ከዚህ ይቀጥኑ ነበር።"

"ውፍረት እኮ የምቾት ምልክት ነው" አልኳት። ሆዴ ግን ያወቀውን ያውቃል።

ወንበር ጎትታ ወጣችበት፤ ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ እያሳረፈች መስመር በመስመር ትቆጥር ጀመር። ገጹ የተጠየቁትን ብቻ ነው የሚስለው፤ ሳጥን ሲጎድል ባዶው እንዳይታይ የቀሩትን ትንሽ ትንሽ ያሰፋቸዋል። ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ዞረች።

"ሸሚዝ ፋብሪካ የገባሁ ቀን አሠሪዬ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ?" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። "ሰፊዎቹ ያበላሹትን ሸሚዝ ጠቅልለው ይቀመጡበታል። እኔ ጋ የሚመጣው ጥሩ ጥሩው ነው። ስፌቱን ብቻ ካየሁ ሁሉም ያምራል። ስለዚህ 'መጀመሪያ ቁጠሪ፣ ከዚያ እዪ' አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት እንዲያ ሠርቼ እዚህ ስመጣ ረሳሁት። ይህን ገጽ ስሠራ መቁጠሪያ አላደረግኩለትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። "አሁን ግን አርባ አንድ ጎድሏል። ተነሡ!"

"ማን?" አለ ከበኋላ በኋላ።

"ሁላችሁም! ከወንበራችሁ ተነሡ! የተቀመጣችሁበትን ልየው!"

ታምኑኛላችሁ፣ አሥራ አራት ሰው ተነሣ። አንዳንዱ የምር ዞር ብሎ ወንበሩን አየ። ጋሼ ኬብል ትራሱን አንሥቶ አራገፈው። "እኔ ኬብል ብቻ ነው የተቀመጥኩበት" አለ።

እየሳቅን ነው አንድ በአንድ የተናዘዝነው። እሷ በዚያው ከሰዓት ገጹን አሻሻለችው። የተዘለለው ግራጫ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ከላይ ደግሞ ቁጥሩ በትልቁ ይነበባል፦ 371 ከ412። ፍተሻውን የምትጽፈው እሷ ብትሆንም፣ አንዴ ኮዱ ውስጥ ከገባ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ምንም አይቀየርም። ወደ እኔ መጣች።

"የመልእክቱን ፍታልኝ ወንድሜ። ዝለል የምትለዋን አንሣት።"

"አለቃው ከተለቀቀ በኋላ ይታያል ብሏል" አልኳት። ዓይኗን አላየሁም።

አለቃችንም አላሳፈረኝም፤ ያለውን ደገመላት። "ነገ ዋናዋ ነርስ ከክሊኒኩ ትመጣለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ አብረን እንለቃለን። ይሄ ግራጫ ነገር ከግድግዳ ይውረድ። የአክስትሽ ጉዳይ አሳስቦሽ ከሆነ፣ እህቴ፣ ክሊኒኩ በስልክ እንዲነግራት አደርጋለሁ።"

"የእኔን አክስት በስልክ ነገሯት እንበል" አለች ጉምሩክ። "ለቀሩት አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ አክስቶችስ ማን ይደውልላቸዋል? እርስዎ?"

ስክሪኑን አላወረደችም።

ሐሙስ አራት ሰዓት ሲሆን አለቃችን ከረባቱን አስሮ መጣ። ግራጫው እንዳለ ነው።

"አጥፊው አላልኩም?"

"እኔ ሥራዬ ማብራት ነበር። ማጥፋት ለሚፈልግ ሶኬቱ ከታች ነው።"

አለቃችን ተንበርክኮ ከውሃ ማሽኑ ኋላ እጁን ሰደደና አንዱን ነቀለ። የውሃ ማሽኑ አቃስቶ ዝም አለ። ሌላውን ነቀለ። የኮሪደሩ ማራገቢያ ቆመ። ግድግዳው እንደበራ ነው።

"ጋሼ ኬብል! የትኛው ነው የዚህ?"

ጋሼ ኬብል፣ በሦስት ክፍል ርቀት የተነቀለ ገመድ የሚሰማው ሰው፣ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። "አቤት? ምን አሉኝ? ዛሬ ጆሮዬን ምን እንደነካው እንጃ።"

ዋናዋ ነርስ በዚህ መሐል ደረሰች። ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከሥሯ የተንበረከከውን አለቃችንን አየችው።

"ምነው፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?"

"ሲስተር! እንኳን ደህና መጡ! ውሃ... ውሃ ልቀዳልዎት ብዬ ነው!"

ነርሷ ማሽኑን አየች፣ በእጁ የያዘውን ሶኬት አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

"ከአራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሦስት መቶ ሰባ አንድ" ብላ አነበበች። "የቀረውስ?"

"እሱ እንኳን ጥቃቅን ነገር ነው፣ ከተለቀቀ በኋላ..."

"እኛ ቤት ከቀዶ ጥገና በኋላ መቀሱንም ጨርቁንም እንቆጥራለን" አለች ነርሷ፣ እንደ ዋዛ። "አንድ ከጎደለ ቁስሉ አይሰፋም። ጥቃቅን ነው ብሎ የሚሰፋ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም።"

ጉምሩክ እህቷን ያገኘች መሰለች። ነርሷ ግን ጣቷን ከግራጫዎቹ በአንዱ ላይ አሳረፈች። ከአርባ አንዱ መርጣ አይደለም፤ የቀረባትን ነካች። "ቀጠሮ ሲቀየር አዲሱን ቀን መላክ" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከሥሩ ስሜ።

"ዛሬ የምንለቀው ይሄንኑ አይደል? ባለቤቱ ማነው?"

ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔ ጫማዬን አይቼ ጨርሻለሁ።

"እኔ ነኝ ሲስተር።"

"ለምን አልተፈተሸም?"

"ስለሚወድቅ" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ሰው በሕይወቱ አንዴ እንኳ አጭር መልስ መመለስ አለበት።

ወንበሬ ጋ ሄጄ ያቺን ትእዛዝ አነሣኋት። ጉምሩክ ፍተሻውን አስጀመረች። ደቂቃው ሞላ፣ ገጹ ታደሰ፣ ግራጫው ሳጥን ደም መሰለ። ጉምሩክ ወደ ቀዩ ሳጥን ጎንበስ ብላ "እንኳን ደህና መጣህ፣ የት ጠፍተህ ከረምክ?" አለችው።

ስህተቱን ማግኘት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ማስተካከሉ አንድ መስመር ነበር። የመልእክቱ ጽሑፍ ሰውየው መጀመሪያ ሲመዘገብ ይዘጋጅና ይቀመጣል፤ ቀኑ ሲቀየር ማንም አያድሰውም። እንደታሰበው በስድስት ሰዓት ብንለቀው ኖሮ ስድስት መቶ ሰው፣ በስሙና በክብር፣ የድሮው ቀን ይላክለት ነበር። እቴቴን ጨምሮ። ይህን አርባ ደቂቃ ነው ዘጠኝ ቀን ተቀምጬበት የቆየሁት። አለቃችን ሲሰማ ሶኬቱን ገና አልጣለውም ነበር።

"ሰኞ ይለቀቅ" አለች ነርሷ። ውሃዋንም ሳትጠጣ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ቁጥሩ 412 ከ412 አለ። ሰባት ቀይ ነበረበት፤ ሰባቱም ታካሚን የማይነኩ፣ ስማቸውና ባለቤታቸው የታወቀ። ስድስት ሰዓት ላይ ለቀቅን። ሩብ ጉዳይ ለሰባት የጉምሩክ ስልክ ጮኸ። ከበኋላ በኋላ ሳይቀር ትንፋሹን ያዘ።

"ልጄ! አንድ ነገር ስልኬ ውስጥ ገባ። ጎረቤቷ አነበበችልኝ። ከነገ ወዲያ ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ይላል። የድሮው እኮ ገና ወር ይቀረው ነበር! አንቺ ነሽ የላክሽው?"

"እኔ አይደለሁም እቴቴ። ማሽኑ ነው።"

"ማሽኑን እግዜር ይስጠው በይልኝ። ግን አስተዳደግ የለውም። እንዴት ዋልሽ እንኳ ሳይል ቀጥታ ወደ ጉዳዩ!"

ጉምሩክ ስልኩን ዘጋች። ብርጭቆዋን አንሥታ ወደ ውሃ ማሽኑ ሄደች፣ ቀዳች፣ ግድግዳው ሥር ቆማ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እቴቴ ቢሮ መጣች። የቀኝ ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግራው ተራውን ይጠብቃል። ግድግዳው ፊት ቆመች።

"ስትጨቃጨቂበት የከረምሽው ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ይሄ ቢጫ መስመርስ?"

"እሱ ስክሪኑ አርጅቶ ነው እቴቴ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ስትፈትሹ እሱ አልታያችሁም?" ከዚያ ወደ ታች ጠጋ አለች። "እነዚህ ሁለቱ ቀዮችስ?"

"የሱ ናቸው" አለች ጉምሩክ፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

እቴቴ በአንድ ዓይኗ ከእግሬ እስከ ራሴ ለካችኝ። "አይዞህ ልጄ" አለችኝ። "ቢያንስ ይታያሉ።"

እናንተ አንባቢዎች፣ እናንተም ዘንድ የሆነ ግድግዳ ላይ የሆነ አረንጓዴ ነገር አለ። ሪፖርት ይሁን፣ የፈተና ውጤት፣ ወይም "ሁሉም ደህና ነው" የሚል አለቃ። ጉምሩክ እናንተ ቤት ላትኖር ትችላለች፤ እዚህ ያለችውን ደግሞ አናውስም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አጣጥፋችሁ ወደ "በኋላ" ከመክተታችሁ በፊት፣ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ከወንበራችሁ ተነሡና የተቀመጣችሁበትን እዩ።